የጭቃ ሹም ከብቶች

የምሥራች። «ምሥር ብይ» የሚለኝ ካለ እሰየው፤ ከሌለም ራሴን በራሴ መርቄ እቀጥላለሁ። ውኃው ጠርቷል። ውኃ መሆኑ የሚታወቀው ብርጭቆው ሲነቀነቅ ብቻ ነው።

የማን የምሥራች ነው? የሠርግ አይደለም፣ የወሊድም አይደለም፣ የማንም ልጅ ፈተና አላለፈም። የምሥራቹ የጭቃ ሹም ነው፤ የግቢያችን የፍሳሽ ማጣሪያ ሠራተኛ። ፍሳሽ ሲባል አፍንጫውን የያዘ አንባቢ ካለ ይልቀቀው፤ ይህ ታሪክ ከሸተተ የሚሸተው ሐዘን ሐዘን ነው። የምሥራቹን ያስቀደምኩትም ሆን ብዬ ነው። መሐሉ ላይ ሆድ የሚያባባ ነገር ስላለ አንባቢ ስንቅ ይዞ ይግባ ብዬ ነው።

ግቢያችን ቁልቁለት ላይ ነው የተሠራው። ከላይኛው ረድፍ የሰሃን እጣቢ፣ ከመካከለኛው የገላና የልብስ ውኃ፣ ከሁላችን ደግሞ ስሙ በሰው ፊት የማይጠራው ነገር፣ ሁሉም በአንድ ቧንቧ ተንደርድሮ ከታችኛው አጥር ሥር ይደርሳል። እዚያ የሚቀበለው ጭቃ ሹም ነው። መጀመሪያ ወንፊቱ መጣል ያልነበረበትን ይይዛል፤ የሕፃን ካልሲ፣ ማንኪያ፣ የፀጉር ማስያዣ። አንድ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተገኝቷል። ጭቃ ሹም አጥቦ፣ ቀቅሎ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ለባለቤቱ በጓሮ በር አቀበለው። ባለጥርሱ ራሱ ከስንት ጊዜ በኋላ እየሳቀ እስኪያወራው ድረስ አንድ ሰው አልሰማም። የጎረቤቱን ገመና ሲያይ ውሎ ማታ «ደህና አመሻችሁ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው።

ከወንፊቱ ቀጥሎ ትልቁ ገንዳ አለ። በውስጡ ቡናማ ጭቃ ይንተከተካል። እሳት የለውም፤ የሚያንተከትከው ከሥሩ አየር የሚገፋበት ሞተር ነው። ይህ ጭቃ ነፍስ አለው። በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ታጭቀውበታል፤ አየር እስካገኙ ድረስ ቆሻሻችንን በልተው ይጨርሱታል። ጭቃ ሹም «ከብቶቼ» ነው የሚላቸው። «ከብቶቼ ዛሬ ጠግበዋል» ይላል፤ «ከብቶቼን ብርድ መታብኝ» ይላል። እነሱ በልተው ሲያበቁ ውኃው ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ተጨምቆ ያልፋል፤ ከዚያም የቀረ ተባይ ካለ የሚጨርስ ሐምራዊ መብራት ሥር አልፎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች የሚያጠጡት በዚሁ ውኃ ነው።

ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የተማሪ ሱሪ ጉልበት የምትጥፍ፣ የአሮጌ ኮት ገበር የምትቀይር። ሥራውን የተቀጠረ ዕለት፣ «የሰው ባል ሲሾም የመሥሪያ ቤት ሹም ይሆናል፤ የእኔው ጭቃ ሹም ሆኖ ቀረ» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ስሙ ግቢውን ዞረ፤ እሱም ወደደው። ልጅ አልወለዱም። አብረው ሸበቱ። የሚኖሩባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከማጣሪያው አጥር ጋር የተያያዘች ናት፤ የግቢው ማኅበር ለሠራተኛው የሰጣት። ሥራው ካለ ቤቱ አለ፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ይህን ነገር አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ።

ከዚያ ሚስቲቱ ታመመች። ኩላሊት። ወደ ሆስፒታል መመላለስ ሆነ፤ ደሟን በመኪና አጥበው ይመልሱላታል፣ ሁለት ቀን ፊቷ ይፈካል፣ ደግሞ ይከስላል። በዚያም መሐል ቀልዷን አልተወችም። አንድ ከሰዓት እግሯ አብጦ ጫማ እንቢ ሲላት ቁጭ ብላ አየችውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ የአገሩን ፍሳሽ ታጣራለህ፤ የእኔን የሚያጣራልኝ ግን ጠፋ» አለችው።

ሳቀላት። ሥራዬ ብሎ ጮክ ብሎ ሳቀላትና ሞተሩን ልየው ብሎ ወጣ። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ሞተሩ አጠገብ ማልቀስ ግን ለሰው አይሰማም።

በሕመሟ ጊዜ ሁሉ ያልተለየቻት አንዲት ጎረቤት ነበረች። በሆስፒታል የጽዳት ኃላፊ ሆና ጡረታ የወጣች፣ ግቢው ሁሉ «እትዬ በረኪና» የሚላት። ስሙን እንደ ሜዳሊያ ነው የምትለብሰው። ለእሷ በዓለም ላይ ያለው ክፋት ሁሉ ተባይ ነው፤ ተባይ ደግሞ በበረኪና ይሞታል። ታማሚዋን ገላ ታጥባለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ ስትወጣ የበሩን እጀታ ሳይቀር ወልውላ ነው የምትወጣው። «አንቺ፣ እኔንም በበረኪና ዘፍዝፊኝና ልዳን» ትላታለች ታማሚዋ። «ቢያድንሽማ ባሕር አድርጌ እዘፈዝፍሽ ነበር» ትላለች እትዬ።

የሞተች ዕለት ጭቃ ሹም ገንዳው ዘንድ ነበር። የሞተሩ ቀበቶ ተበጥሶ ነው የወረደው። ቶሎ ልመለስ ብሎ ነበር፤ ብሎኑ ዝጎ እምቢ አለው፣ ታገለው፣ ፈታው፣ አሰረው። አየሩ መንፋት ሲጀምር እፎይ ብሎ ወደ ቤት ወጣ። እትዬ በረኪና በሩ ላይ ቆማለች። መንገዱን ይዛለች።

«እንዴት ዋለች?» አላት።

«መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለችው።

ሌላ ቀን ብትለው ቶሎ በል ማለቷ ነው። ድምፅዋ ግን ሌላ ነበር። ጭቃ ሹም ቧንቧው ሥር ተቀመጠና ታጠበ። ክንዱን ታጠበ፣ ጥፍሩን ታጠበ፣ ንጹሕ የሆነውን ደግሞ አጠበ። መታጠቡ እስካላለቀ ድረስ አልሞተችም። እትዬ ራሷ መጥታ ቧንቧውን ዘጋችለት።

ቀብሩ ሆነ፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ፤ የግቢው አዳራሽ ለቅሶ ደራሽ ሞላው። ሴቶቹ ደግሞ በእትዬ መሪነት ቤቱን ያዙ። ያ ቤት ለረጅም ጊዜ የሕመም ቤት ነበር፤ ፍራሹ፣ መጋረጃው፣ ግድግዳው ሳይቀር መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። «ይሄ ሰውዬ ተመልሶ ሲገባ ሕመሟን ሳይሆን እሷን ያስታውስ» አለች እትዬ። ሁሉም ከየቤቱ በረኪና አመጣ። አንዷ አንድ ጠርሙስ ብታመጣ ሌላዋ ጀሪካን ጎትታ መጣች፤ ፍቅር በበረኪና የሚለካ ይመስል። ፍራሹ ታጠበ፣ ወለሉ ታጠበ፤ ከዚያ አዳራሹ፣ ከዚያ ደረጃዎቹ፣ ከዚያ የየቤቱ መታጠቢያና መጸዳጃ። የተረፈውንም አይባክን ብለው በየፍሳሽ ጉድጓዱ ደፉት። ግቢው ነጣ። እንባና በረኪና አብሮ ወረደ።

ወዴት ወረደ? ቁልቁለት ነው ብያለሁ።

ጭቃ ሹም በእነዚያ ቀናት ገንዳውን ዞር ብሎ አላየም። ቂም ይዞበት ነበር። «ለቀበቶ ብዬ» ይላል በልቡ፤ «ለቀበቶ ብዬ የመጨረሻ ቃሏን ሳልሰማ ቀረሁ»። ለቀስተኛው ሲበተን ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ አጥሩን ተሻግሮ፣ መስኮት አንኳኩቶ ገባ። ጭቃ ሹም ጫማውን አጥልቆ ወረደ።

ገንዳው ግራጫ ሆኗል። ከላዩ እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ነጭ ነገር ኮፍሷል። ሞተሩ ይሠራል፤ አየሩ ይነፋል፤ የሚተነፍሰው ግን የለም። በደህናው ጊዜ ጭቃው ልክ ዝናብ እንዳባራበት መሬት ነበር የሚሸተው። አሁን ጎንበስ ብሎ ሲያሸት ከግማቱ ሥር አንድ ሌላ ሽታ አገኘ፤ ስለት ያለው፣ አፍንጫ የሚጭር። ይህን ሽታ ያውቀዋል። ትራሱ ላይ ሲያድር ነው የሰነበተው።

ገባው። ጠርዙ ላይ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ነው ሐዘኑ ሁለት የሆነበት፤ ሁለተኛው ደግሞ ለማንም መንገር የማይቻል ሐዘን።

የማኅበሩ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፣ ረጋ ያለ። ከፊት የተቀመጠው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ግን ነገር አያሳድርም።

«ሐዘን ላይ ነው፣ እናውቃለን፤ እግዜር ያጽናው» አለ ነጋዴው። «ግን ልጆቻችን እያስታወኩ ነው። ማዶ ያሉት ጎመን ተካዮች ውኃ መቅዳት አቁመዋል። መምጠጫ መኪና እየመጣ በየሳምንቱ ይምጠጥልን፣ ማጣሪያውን እንዝጋው። ቤቱንም ለሌላ ሥራ እናውለዋለን።»

ሊቀመንበሩ ወደ ጭቃ ሹም ዞረ። «ወንድሜ፣ ከብቶችህ ምን ሆነው ነው?»

ጭቃ ሹም ተነሣ። ሴቶቹ በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። እትዬ በረኪና ከዳር ናት፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። የእጆቿ ቆዳ ተልጧል፤ የእሱን አንሶላ ስታሽ ነው የተላጠው። እነዚያን እጆች እያየ «እናንተ ናችሁ የገደላችኋቸው» የሚል አንደበት ከየት ይምጣ? ሚስቱን ገላዋን ያጠቡ እጆች ናቸው።

«እኔ አልወረድኩም ነበር» አለ። ውሸት አልነበረም። እውነቱም አልነበረም።

ነጋዴው እጁን ዘረጋ፤ ይኸው አላልኳችሁም ማለቱ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ውኃው ከጠራ ጠራ፤ ካልጠራ ማጣሪያው ይዘጋል፣ ሠራተኛውም ቤቱን ያስረክባል ተብሎ ተወሰነ።

የሚተኛባት ክፍል ያቺው ናት። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር አለ። ወለሉ ስንቴ ተጠርጎ ስንቴ ታጥቦ አሁንም ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ መርፌ እግሩን ይወጋዋል። በሕይወት ሳለች መርፌ በወጋው ቁጥር «አንቺ ሴትዮ» ብሎ ይጮህ ነበር። አሁን ሲወጋው ቀስ ብሎ ያወጣና መኪናው ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚህ ቤት ውጣ ሲባል የሚወጣው ከእነዚያ መርፌዎችም ነው። ሌላ ሰው ገብቶ በጫማ ይረግጣቸዋል።

ቢሆንም ሞከረ። አየሩን ጨመረ፣ ስኳር በጥብጦ ሰጣቸው፣ ከታች ከላይ አማሰለ። የሞተ ከብት ሣር ቢከምሩለት ምን ሊሆን። ጭቃውን በብርጭቆ ማሰሮ ቀድቶ ያስቀምጣል። ጤነኛ ሲሆን ጭቃው ወደ ታች ይረጋል፣ ከላይ ንጹሕ ውኃ ይቀራል። አሁን ግን ከላይ እስከ ታች ድፍርስ ነው፤ እንደ ራሱ ሐሳብ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እትዬ በረኪና ምግብ በሰሃን ሸፍና ማጣሪያው ዘንድ ወረደች። ከዚያ በፊት እግሯ ረግጦት አያውቅም።

«ብላ። አንገትህ ክር ሆኗል።»

«እበላለሁ እትዬ፣ ያስቀምጡልኝ።»

«የት ላስቀምጠው? ይሄ ጠረጴዛ ነው ወይስ የአይጥ መቃብር?» ዙሪያዋን ቃኘች። አላስቻላትም፤ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደችና ያቺን ጠርሙሷን አወጣች። ክዳኑን ፈትታ ወለሉ ላይ ልታፈስ ስትል ጭቃ ሹም ከመቀመጫው ተወርውሮ አንጓዋን ያዘ።

«ይተዉ እትዬ። እዚህ አይሆንም።»

አጥብቆ ነው የያዛት። እንዲህ ያለ ነገር ከእሱ አይታ አታውቅም። የያዘውን እጅ አየች፣ ጠርሙሱን አየች፣ ከዚያ በበሩ በኩል ገንዳውን አየች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምንድን ነው የገደላቸው?» አለች።

«ሐዘን ነው።»

«ሐዘን?»

«አዎ። እኔ ትቻቸው፣ አጥተውኝ።»

«አንተ ሰው» አለች፤ ድምፅዋ ወረደ። «ዕድሜዬን ሙሉ የገደልኩትን ተባይ አውቃለሁ። ሐዘን እንዲህ አያነጣም።»

እትዬ በረኪና ክዳኑን መልሳ ልትገጥም ሞከረች፤ ጥርሱ አልገጥም አላት። እሱ ተቀብሎ ገጠመላት። ከዚያ ሁለቱም ቁጭ አሉ። ሰሃኑ መሐላቸው ቀዘቀዘ። «እኔ እኮ» አለች በመጨረሻ፣ «ቤትህ እንዲነጻ ብዬ ነው፤ ቤትህን ላስቀማህ?» ብላ ቀሚሷን ፊቷ ላይ ሳበች። እሱ ደግሞ ሚስቱን ከቀበረ ጀምሮ ሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም ነበር፤ ያን ዕለት አለቀሰ።

ሲጨርሱ፣ «አይናገሩ» ብሎ ለመናት። «በቃ አለፈ። ሴቶቹ ይሰቀቃሉ።»

«ለመሰቀቅ ዕድሜያችን ደርሷል» አለች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀመንበሩ አፉን ሳይከፍት እትዬ በረኪና ተነሣች። «ማጣሪያውን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ለቅሶ ቤቱን ስናጸዳ ያፈሰስነው በረኪና ነው። እሱ ያውቃል፤ ለእኔ ብሎ ነው የዋጠው።»

ቀጥሎ የግቢያችን ሱቅ ባለቤት እጇን አወጣች፤ «እኔም ሁለት ጠርሙስ ጨምሬያለሁ»። «የእኔ ጀሪካን ነበር» አለች አንዲት መምህርት። «እኔ ከቤት ሳላመጣ ቀርቼ አፍሬ ከጎረቤት ተበድሬ ነው የደፋሁት» አለች ሌላዋ።

ነጋዴው ጢሙን አሻሸ። «እንግዲህ ሁላችሁንም ማሰር ነው» አለ። ሳቅ ሆነ፤ እሱ ግን ቶሎ ፊቱን መለሰ። «ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ሽታው የሁላችንም ነው። ቀነ ገደቡ ቀነ ገደብ ነው። ምን እናድርግለት? እሱን ንገሩኝ።»

ጭቃ ሹም ከኋላ ሆኖ፣ «እርሾ ያስፈልጋል» አለ። ከሌላ ማጣሪያ ሕይወት ያለው ጭቃ መጥቶ ቢጨመር ሊባዛ ይችላል፤ እንደ ሊጥ።

«እርሾማ መበደር የእኛ ሥራ ነው» አለች እትዬ፣ እንባዋን ሳትጠርግ። «ከድሮ ሆስፒታሌ ላምጣልህ። የእኛ ጭቃ በረኪና የለመደ ነው፤ ብትደፋበትም አይሞትም።»

ያኔ ጭቃ ሹም ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ። «የሆስፒታሉስ መድኃኒት የጠገበ ነው፣ ይቅርብን» አለ። ከከተማው ማዶ ካለ የመኖሪያ ግቢ ማጣሪያ ለመኑና ተፈቀደላቸው። ነጋዴው ሲሚንቶ የሚያመላልስበትን መኪና ራሱ እየነዳ ሄደ። ጭቃው የተጫነባቸው በርሜሎች ክዳናቸው ክፍት መሆን ነበረበት፣ አለዚያ ከብቶቹ መንገድ ላይ ይታፈናሉ። ነጋዴው ሲመለስ አንድ ሳምንት ሙሉ «ሚስቴ አላስጠጋችኝም» እያለ ሲምል ነበር።

የመጣው ጭቃ ገንዳው ውስጥ ተገለበጠ፤ ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ሆነ። በግቢው በረኪና ታገደ። ወለል በሳሙና ብቻ ይታጠባል፤ አንዷ ዘንድ ነጭ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቶ ከታየ ጎረቤት በአጥር ትጠይቃለች። እትዬ በረኪና ግን አልቻለችም። በየቀኑ መውረድ፣ በየቀኑ ድፍርሱን ማየት ልቧን ሰበረው። «እስኪጠራ ድረስ እዚህ ግቢ ዓይኔን አልገልጥም» ብላ ከገበያው በላይ ካለው ልጇ ቤት ሄደች። ቀኑ እየሮጠ፣ ወሩ እያለቀ፣ ጭቃው ግን በራሱ ጊዜ ነበር የሚሄደው። ግራጫው ቀስ ብሎ ወደ ቡና ቀለም ዞረ። አረፋው ጎደለ። ውኃው ግን አሁንም እንባ ያቀረረ ዓይን ይመስል ነበር። ጭቃ ሹም ዕቃ ማሰር ጀምሮ ነበር። ማሰር የጀመረው ከስፌት መኪናው ነው፤ እሱን አንሥቶ መሐል ክፍል ላይ አቁሞ፣ የት እንደሚወስደው ሳያውቅ ተወው።

ዛሬ ጠዋት ነው እንግዲህ።

ሊቀመንበሩ በቀጠሮው መሠረት ወርዶ ማሰሮውን ከእጁ ተቀበለ። ጭቃው ከታች ረግቷል፤ ከላይ ያለው ውኃ የለም ማለት ይቀላል። ሊቀመንበሩ አፍንጫውን አስገብቶ አሸተተ። መለሰለት። «በል ዕቃህን ፍታ» አለው። «ቤትህ ነው።»

እኔ ዳቦ ይዤ በዚያ በኩል ሳልፍ ጭቃ ሹም ከቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ቆሟል። ማሰሮውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ ወደ መስኮቱ፣ ለሰው እንደሚያሳይ አድርጎ ይዞታል። ታማ ሳለች አልጋዋ ከስፌት መኪናው ጎን፣ መስኮቱ አጠገብ ነበር። መነሣት ሲያቅታት በየጠዋቱ እንዲህ ያሳያት ነበር፤ እሷም በጣቷ መስታወቱን መታ መታ ታደርግለት ነበር። ልማድ ነው፣ እግሩ ራሱ ነው የወሰደው። መጋረጃው እንደ ተዘጋ ነው። ክንዱ መዛል ጀምሯል፤ እሱ ግን አላወረደውም።

ቀረብ ብዬ፣ «ጠራ?» አልኩት፣ እያየሁ።

«ጠራ» አለ። ማሰሮውን ቀስ ብሎ አወረደ። «ለአንድ ሰው ልነግር ነበር» አለ። ወደ ግቢው በር ዞሮ፣ «እትዬም አልሰሙም» አለ።

«እኔ እነግርልሃለሁ። አንተ ግባና ዕቃህን ፍታ።»

ገባ። የስፌት መኪናው ወለሉ ላይ ሲጎተት፣ ወደ ቦታው ወደ መስኮቱ ሥር ሲመለስ ከውጭ ይሰማል። ዳቦውን ቤት ጥዬ ይህችን ያህል ጻፍኩ፤ እጄ አላርፍ ብሎኝ ነው። ከዚህ በላይ ግን መቀመጥ አልችልም፤ የሱቋ ባለቤት ጫማዋን ስትቀይር በመስኮት አይቻታለሁ፣ ወደ እትዬ መሄዷ ነው መሰለኝ። ከገበያው በላይ ያለው ቤት ሩቅ ነው፣ አቀበትም አለው፤ በአቋራጩ ከሄድኩ እቀድማታለሁ።